የረገበ መንጋጋን በአልትራሳውንድ ማጥበቅ፦ ከስድስት ወር በኋላ የምሰጠው ግምገማ

ባለፈው መስከረም፣ በ52 ዓመቴ፣ ከምኖርበት፣ በአሜሪካ ሜሪላንድ ካለችው ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ በማይርቅ የአንዲት የቆዳ ሐኪም ክሊኒክ ውስጥ የመንጋጋዬንና የአገጬን ሥር ቆዳ ያለ ቀዶ ሕክምና በአልትራሳውንድ አስጠብቄአለሁ። ሕክምናው የተሰጠኝ አልቴራፒ በተባለው ማሽን ሲሆን የከፈልኩት 2,400 ዶላር ነው፤ የጤና ኢንሹራንስ ለመልክ ሲባል የሚደረግ ሕክምናን ስለማይሸፍን ገንዘቡ በሙሉ ከኪሴ ወጥቷል። ይህን ግምገማ ለመጻፍ ስድስት ወር የቆየሁት ሆን ብዬ ነው። የዚህ ሕክምና ውጤት የሚመጣው በወራት ስለሆነ፣ በመጀመሪያው ሳምንት መስታወት ፊት ቆሞ የሚሰጥ ፍርድ፣ ምስጋናም ሆነ ወቀሳ፣ እብጠትን ከውጤት ጋር ያምታታል።

ስለ ሕክምናው የሚጠይቁኝ ሁሉ አስቀድመው የሚያነሱት ያማል ወይ፣ ስንት ነው የሚለውን ነው። ሁለቱንም እመልሳለሁ፤ ነገር ግን ከሕመሙም ከዋጋውም በፊት መነገር ያለበት ሌላ ነገር እንዳለ አምናለሁ። እሱም ሕክምናውን የሚሰጠው ሰው ከቆዳው ሥር ያለውን ሽፋን በዓይኑ እያየ ይሠራል ወይስ በግምት ይሠራል የሚለው ነው። በእኔና በአንዲት አብሮ አደጌ መካከል የታየው ልዩነት በሙሉ ከዚህ የመጣ ነው።

መንጋጋ እንዴት እንደሚረግብ መጀመሪያ ያየሁት በእናቴ ፊት ላይ ነው። እናቴ እንደ ብዙዎቹ የዘመኗ የገጠር ሴቶች በመንጋጋዋ ጠርዝና በአንገቷ ላይ ንቅሳት ነበራት። በወጣትነቷ በተነሳችው ፎቶግራፍ ላይ የንቅሳቱ መስመር አጥንቱን ተከትሎ ከጆሮዋ ሥር እስከ አገጯ ድረስ እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ብሎ ይታያል። ስልሳ ዓመት ሲሞላት ያው መስመር ከአጥንቱ ወርዶ፣ ከአፏ ማዕዘን ትይዩ ወደ ታች ጎብጦ፣ አገጯ አጠገብ ሲደርስ እንደገና ከፍ ይል ነበር። ያ ጉብጠት ለምን እዚያው ቦታ ላይ እንደሚፈጠር የገባኝ እኔን ያከሙኝ የቆዳ ሐኪም ሲያስረዱኝ ነው። ከአገጭ ጎን ቆዳውን ከመንጋጋ አጥንት ጋር አጥብቆ የሚያስር ጅማት አለ። ከዕድሜ ጋር የጉንጭ ስብ ወደ ታች ሲንሸራተት፣ ቆዳውም አጥብቆ የሚይዘውን ኮላጅን እያጣ ሲሳሳ፣ አጥንቱም ራሱ እየቀነሰ ሲሄድ፣ የወረደው ሁሉ እዚያ ጅማት ላይ ሲደርስ ይገታና ከጀርባው እንደ ትንሽ ከረጢት ተንጠልጥሎ ይቀራል። የእናቴ ንቅሳት ይህን ሁሉ በቆዳዋ ላይ እንደ ካርታ አስምሮ ያሳይ ነበር።

በእኔ ፊት ላይ ያ ከረጢት መታየት የጀመረው በ48 ዓመቴ ገደማ ነው። ሹሩባ በተሠራሁ ቁጥር የግንባሬና የጆሮ ግንዴ ቆዳ ወደ ኋላ ይሳባል፣ ዓይኖቼም ከፍ ይላሉ፤ መንጋጋዬ ግን ቅንጣት ታህል አይነቃነቅም። ከላይ ቆዳን ብቻ መሳብ ታችኛውን የፊት ክፍል እንደማያነሳው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም። የሚያነሳ ነገር ካለ መያዝ ያለበት ከቆዳው ሥር ነው።

ከቆዳውና ከስቡ በታች የፊት ጡንቻዎችን ሸፍኖ ከቆዳው ጋር የሚያያይዛቸው ጠንካራ የጅማት ሽፋን አለ። ሐኪሞች ስማስ ይሉታል። ሚትዝ እና ፔሮኒ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ ሐኪሞች በ1976 ምንነቱን ለይተው ከገለጹት ወዲህ፣ ፊትን በቀዶ ሕክምና የሚያነሱ ሐኪሞች ቆዳውን ብቻ ከመሳብ ይልቅ ይህንን ሽፋን መያዝና ማጥበቅ ልማዳቸው ሆኗል። የአልትራሳውንዱ ሕክምና ዓላማም ቢላዋ ሳይነካ እዚያው ሽፋን ድረስ ሙቀት ማድረስ ነው።

አልትራሳውንድ ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው ነፍሰ ጡር ሆድ ላይ ጄል ተቀብቶ ፅንስ የሚታይበትን መሣሪያ ነው። ሞገዱ ያው ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ነው። ልዩነቱ፣ ልጆች በማጉሊያ መስታወት የፀሐይን ብርሃን አንድ ቦታ ሰብስበው ወረቀት እንደሚያቃጥሉ ሁሉ፣ በዚህ ሕክምና ሞገዱ ከቆዳው በታች በተመረጠ ጥልቀት ላይ በአንዲት ነጥብ መሰብሰቡ ነው። 1 ሚሊ ሜትር ገደማ በምትሆነው በዚያች ነጥብ ላይ ሙቀቱ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል፤ ላይኛውን ቆዳ ሲያልፍ ግን ሞገዱ ገና ስላልተሰበሰበ ቆዳው አይቃጠልም። በዚያ ሙቀት ቆዳን አጥብቆ የሚይዘው ኮላጅን ወዲያው ይኮማተራል፤ ከዚያም ሰውነት እያንዳንዷን ነጥብ እንደ ቁስል ቆጥሮ ሊጠግናት ሲነሳ በተከታዮቹ ሁለትና ሦስት ወራት ውስጥ አዲስ ኮላጅን ይሠራል። እኔ የታከምኩበት ማሽን 4.5፣ 3.0 እና 1.5 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ላይ የሚያነጣጥሩ የሚቀያየሩ ጫፎች አሉት፤ ስማስን የሚያገኘው የመጀመሪያው ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ ማለትም ኤፍዲኤ፣ ማሽኑን በ2009 ቅንድብን ለማንሳት፣ በ2012 ደግሞ ከአገጭ ሥርና በአንገት ላይ የረገበን ቆዳ ለማንሳት ፈቅዶለታል።

እዚህ ላይ ማስታወቂያዎች የሚያድበሰብሱትን አንድ ነገር መግለጽ ይገባኛል። ሁለቱ ሕክምናዎች አንድ ሽፋን ይነካሉ ማለት አንድ ዓይነት ውጤት ይሰጣሉ ማለት አይደለም። ቀዶ ሐኪም ሽፋኑን ገልጦ ይስበዋል፣ ይሰፋዋል፣ የተረፈውን ቆዳ ቆርጦ ያነሳዋል። አልትራሳውንድ ግን በሽፋኑ ላይ ጥቃቅን ነጥቦችን አሳርፎ የቀረውን ለሰውነት ይተዋል። የተረፈ ቆዳ ካለ የትም አይሄድም። ይህንን ልዩነት በቃል ሳይሆን በጣት ያሳዩኝ ሐኪሟ ናቸው፤ ከአገጬ ሥር ያለውን ቆዳ በሁለት ጣታቸው ቆንጥጠው ሲለቁት ወዲያው ወደ ቦታው ተመለሰ። «ቆዳሽ የሚመለስበት ጉልበት አለው፤ ይህ ባይኖር ኖሮ ገንዘብሽን አልቀበልም ነበር» አሉኝ። ባይመለስ ኖሮ የቀዶ ሐኪም ስም ጽፈው ይሰጡኝ እንደነበር ሲነግሩኝ፣ ሕክምናውን እዚያው ለማድረግ የወሰንኩት ያን ጊዜ ነው።

ከሌሎች የቆዳ ማጥበቂያ መንገዶች መካከል አልትራሳውንድን የመረጥኩበት ትልቁ ምክንያት ግን የቆዳዬ ቀለም ነው። ሌዘርም ሆነ ሌሎች የብርሃን ሕክምናዎች ለቆዳችን ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን ብርሃኑን ስለሚስበው፣ ጥንቃቄ ከጎደለ ቆዳን አቃጥለው ጥቁር ጠባሳ ወይም ነጣ ያለ ምልክት ሊተዉ ይችላሉ። እኔ ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ማድያት ወጥቶብኝ ለዓመታት ስታገለው የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ጉንጬ ላይ ብርሃን እንዲያርፍ መፍቀድ ለእኔ ቀላል ውሳኔ አልነበረም። ድምፅ ግን ቀለም አይለይም። ሞገዱ በሜላኒን ስለማይሳብ ሕክምናው ለጥቁርም ለቀይ ዳማም ለነጭም ቆዳ በአንድ ዓይነት መንገድ ይሠራል። ይህ ማለት ግን ለእኛ ፈጽሞ አደጋ የለውም ማለት አይደለም፤ ሙቀቱ በስህተት ላይኛው ቆዳ ላይ ካረፈ ቃጠሎው በእኛ ቆዳ ላይ ጠቁሮ ለብዙ ወራት ይቆያል።

ይህ በትክክል በአብሮ አደጌ ላይ ደርሷል። ዱባይ ስትሠራ በነበረበት ጊዜ፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ የውበት ሳሎን ውስጥ፣ ከእኔ ክፍያ አንድ አራተኛ በማይሞላ ዋጋ «ሃይፉ» ተሠርታ ነበር። ሃይፉ የተሰበሰበ ከፍተኛ አልትራሳውንድ የሚባለው ስልት የወል መጠሪያ ሲሆን፣ በዚህ ስም የሚሸጡት ማሽኖች ጥራት እጅግ የተለያየ ነው። ከእነሱ መካከል በአግባቡ የተመረመሩ አሉ፤ አምራቻቸው የማይታወቅ ቅጂዎችም አሉ። እሷ የተሠራችበት ምስል የሚያሳይ ስክሪን አልነበረውም፤ የሠራቻት ልጅም ሐኪም ወይም ነርስ አልነበረችም። ጄሉ በስሱ ተቀብቶ ስለነበር የመሣሪያው ጫፍ በአንድ ወገን ከቆዳዋ ጋር በደንብ አልገጠመም። በማግስቱ ከግራ መንጋጋዋ በታች ምስር የሚያካክሉ አራት ቀይ ነጠብጣቦች በአንድ ረድፍ ተደርድረው ወጡ፤ ከሳምንት በኋላ ጠቆሩ፤ ሙሉ በሙሉ ለመጥፋት ስምንት ወር ፈጀባቸው። ሳሎኑ የሰጣት መልስ «ቆዳሽ ስስ ስለሆነ ነው» የሚል ብቻ ነበር። ቆዳዋ ስስ አይደለም። ስምንት ወር ሙሉ ሻሽ ሳታስር ከቤት አለመውጣቷን ሳስብ ዛሬም ይቆጨኛል።

ለዚህ ነው ወደ ክሊኒኩ ስሄድ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ስለ ስክሪኑ የነበረው። ለምክር በሄድኩበት ቀን ሐኪሟ አርባ ደቂቃ ያህል ጠየቁኝ እንጂ ምንም አልሸጡልኝም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት እወስድ እንደሆነ፣ ፊቴ ውስጥ ብረት ወይም ፊትን ለመሙላት በመርፌ የተወጋ ነገር ይኖር እንደሆነ፣ ልብ ውስጥ የተተከለ መሣሪያ እንዳለኝ፣ የከንፈር ቁስል ይመላለስብኝ እንደሆነ ጠየቁ። በቤተሰቤ እንቅርት ይኖር እንደሆነ ሲጠይቁኝ ግን ተገርሜ ምክንያቱን ጠየቅኋቸው። ሕክምናው አንገት ላይ ሲደረግ የእንቅርት ዕጢ ያለበት መሃለኛው ክፍል እንደማይነካ፣ ዕጢው ካበጠ ደግሞ የሚታለፈው ቦታ ሰፋ ማለት እንዳለበት አስረዱኝ። እንቅርት በደጋው አገራችን ምን ያህል የተለመደ እንደሆነ ለምናውቅ ሰዎች ይህ ጥያቄ ተራ ጥያቄ አይደለም፤ ስለዚህ አንባቢዎቼ ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም እንኳ እናንተው እንድትናገሩ እመክራለሁ።

በሕክምናው ቀን ከአንድ ሰዓት በፊት 800 ሚሊ ግራም አይቡፕሮፌን እንድወስድ ተደረገ፣ ፊቴም ታጥቦ ማደንዘዣ ቅባት ተቀባ። ከዚያ ሐኪሟ በነጭ እርሳስ ፊቴ ላይ አሰመሩ። ካሰመሩት መካከል ሁለት ትንንሽ ክቦች ነበሩ፤ ከመንጋጋው ጠርዝ ላይ፣ ጣት ሲያርፍ የደም ሥር ትርታ ከሚሰማበት ቦታ አጠገብ። የታችኛውን ከንፈር የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ እዚያ ጋ አጥንቱን ተሻግሮ ስለሚያልፍ ክቦቹ ውስጥ አንድም መስመር እንደማያሳርፉ ነገሩኝ። ያ ነርቭ በሙቀቱ ከተነካ ፈገግ ሲሉ ከንፈር ለሳምንታት ወደ አንድ ወገን ሊጣመም ይችላል፤ በአብዛኛው ይድናል፣ ነገር ግን ማንም ሊያጋጥመው የሚፈልገው ነገር አይደለም።

ጄሉን ቀብተው የመሣሪያውን ራስ መንጋጋዬ ላይ ሲያሳርፉ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞሩልኝ። ከላይ ነጣ ያለ ጠባብ ሰቅ ታየ፤ ቆዳዬ ነው። ከሥሩ ጠቆርና ወፈር ያለ ክፍል መጣ፤ ስብ ነው። ከስቡ በታች ደግሞ በነጠላ ጥለት መሃል እንደሚገባ የብር ክር የሚያበራ ቀጭን መስመር ነበር፤ ስማስ የሚሉት ያ ነው። በስክሪኑ ጎን በሚሊ ሜትር የተከፈለ መለኪያ ስላለ የብር ክሩ ስንት ላይ እንደሚተኛ እኔም አነበብኩት፦ ጆሮዬ አጠገብ 4.5 ላይ ገደማ፣ ወደ አገጬ ሲጠጋ ግን ከዚያ ከፍ ብሎ። ሐኪሟ እዚያ ሲደርሱ ቆም አሉና ጫፉን በ3.0 ቀየሩት። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ የምስሉ ግማሽ በጥቁር ጥላ ተሸፈነ። አየር ገብቶ መሣሪያው ከቆዳዬ ጋር አልገጠመም ማለት ነበር። እሳቸው ጣታቸውን ሞገዱን ከሚለቀው ቁልፍ ላይ አነሱ፣ ጄል ጨመሩ፣ ጥላው እስኪጠፋ ድረስ ጫኑ፣ ከዚያ ቀጠሉ። አብሮ አደጌ ያን ዓይነት ጥላ ነበረባት፤ የሚያየው ሰው ግን አልነበረም። እኔ በዚያች ሰከንድ ውስጥ የከፈልኩት ገንዘብ የት እንደገባ በዓይኔ አየሁ።

እያንዳንዱ የሞገድ ተኩስ 25 ሚሊ ሜትር ርዝመት ባለው መስመር ላይ የተደረደሩ ነጥቦችን ያሳርፋል። ለታችኛው ፊቴና ለአገጬ ሥር ከ300 በላይ መስመሮች ተቆጥረዋል፤ ጊዜው ሃምሳ ደቂቃ ነበር። ሕመሙን ማቃለል አልፈልግም። ጉንጬ ላይ እንደ ጋለ መርፌ ሰልፍ ሆኖ ተሰማኝ፣ የሚቻልም ነው። አጥንቱ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ግን ሕመሙ ወደ ጥርሴ ሥር ይሰርጻል፤ የተሞሉ ጥርሶች ያሉት ሰው ይህ በይበልጥ ሊሰማው ስለሚችል ነርሷ በከንፈሬና በድዴ መካከል የጥጥ ጥቅል አስቀመጠችልኝ። ሁለት ጊዜ እንዲያቆሙልኝ እጄን አንስቻለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ወዲያው ቆመዋል። ሁለት ልጆች የወለድኩ ሰው እንደመሆኔ ከምጥ ጋር አላነጻጽረውም፤ ይሁን እንጂ «የሚሞቅ ስሜት ብቻ ነው» የሚል ማስታወቂያ ያነበበ ሁሉ ተዘጋጅቶ እንዲሄድ እፈልጋለሁ። አብራኝ የሄደች ሰው ስለነበረች መኪና አልነዳሁም፤ ይህም ጥሩ ሆነልኝ።

ከሕክምናው በኋላ ፊቴ ለሦስት ሰዓት ያህል ቀላ፣ ለአራት ቀን አበጥ አለ፣ መንጋጋዬ ሲነካ ለአሥራ አምስት ቀን ያህል እንደ ተመታ ቦታ ያመኝ ነበር። በማግስቱ ሥራ ገብቻለሁ። አንድም ጥቁር ምልክት አልወጣብኝም፣ ማድያቴም አልተቀሰቀሰም።

ወደ ውጤቱ ስመጣ፣ ራሴን ላለማታለል ያደረግኩትን መግለጽ አለብኝ። የመታጠቢያ ክፍሌ ወለል ላይ የእግሬን ቦታ በፕላስተር ምልክት አድርጌ፣ በአንድ አምፖል ብርሃን፣ ያለ ሜካፕ፣ ፀጉሬን ወደ ኋላ ሰብስቤ፣ ከፊት ለፊትና ከሁለቱም ጎን ፎቶ ተነሳሁ፦ ከሕክምናው በፊት፣ በ30ኛው፣ በ90ኛውና በ180ኛው ቀን። አገጭን አንድ ጣት ከፍ ማድረግ ብቻ መንጋጋን በዓመታት ወጣት ያስመስለዋል። ስለዚህ በየፎቶው የጆሮዬ ጫፍና የአፍንጫዬ ሥር በአንድ አግድም መስመር ላይ መሆናቸውን አረጋግጫለሁ። በክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ካሉት የበፊትና የበኋላ ፎቶዎች መካከል ቢያንስ በሁለቱ ላይ የ«በኋላ»ዋ ሴት አገጯን ቀና አድርጋለች፤ ይህ ባይሆን ደስ ይለኝ ነበር።

በ30ኛው ቀን ምንም አልነበረም። እብጠቱ ጠፍቶ ስለነበር እንዲያውም ከመጀመሪያው የባሰ መስሎኝ አዝኜ ነበር። በ90ኛው ቀን በቀኝ በኩል ልዩነት አየሁ፤ ከአገጬ ጎን የነበረው ከረጢት አልጠፋም፣ ግን አነስ ብሏል፣ ከመንጋጋዬ ሥር ያለው ጥላም ከጆሮዬ ጀምሮ ሳይቆራረጥ ይሄዳል። በግራ በኩል ለውጡ ግማሽ ያህል ነው። በ180ኛው ቀን ሁለቱም ትንሽ ተጨማሪ ተሻሽለዋል። ከሁሉም በላይ የተለወጠው የአገጬ ሥር ነው፤ ስናገር ይወዛወዝ የነበረው ቆዳ አሁን ጠብቋል፤ ጣቴን ሳሳርፍበትም ወፈር ብሎ ይሰማኛል። ባለቤቴ ምንም ልዩነት አላየም። ለአሥር ዓመት ሹሩባ የምትሠራኝ ሴት ግን ማንም ሳይነግራት «ምነው፣ ከሳሽ እንዴ? ፊትሽ ተለይቶ ወጣ» አለችኝ። ክብደቴ አልተለወጠም። የውጤቱን መጠን ለመናገር ከዚህ የተሻለ መለኪያ የለኝም፤ ፊትን ከቅርብ የሚያውቅ ዓይን ያየዋል፣ ሌላው አያየውም።

ለዚህ መጠን ላለው ለውጥ 2,400 ዶላር ይገባዋል ወይ? ለእኔ ይገባዋል፤ ምክንያቱም የፈለግሁት ይህንኑ ነበር፣ የተነገረኝም ይህንኑ ነው። የፊት ማንሻ ቀዶ ሕክምና እዚህ አካባቢ ሁሉም ወጪ ሲደመር ከ10,000 ዶላር በላይ ይጠይቃል፤ ማደንዘዣ፣ ስፌትና የሳምንታት ዕረፍት አለው፤ ውጤቱ ግን ለዓመታት ይዘልቃል። የአልትራሳውንዱ ውጤት በአብዛኛው ከአንድ ዓመት እስከ ዓመት ከመንፈቅ እንደሚቆይ ይነገራል፣ እርጅናም በመሃል አያቆምም። ይህን ሒሳብ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ኪስና በራሱ መንጋጋ ማስላት አለበት።

በክሊኒኩ ያልወደድኩት አንድ ነገር ነበር። ሐኪሟ ያላሉትን የክፍያ ሠራተኞቹ አሉ፦ ከፊት መሙያ መርፌና ከ190 ዶላር ክሬም ጋር «ጥቅል» ብገዛ ቅናሽ እንደማገኝ ሁለት ጊዜ ነግረውኛል፤ ሦስተኛው በኢሜይል መጣ። የታካሚ ፊት ገና ቀልቶ፣ ሕመሙ ገና ሳይበርድ፣ ሌላ ነገር ሽጡልኝ ሳትል መሸጥ ተገቢ አይመስለኝም። ክሬሙን አልገዛሁም፤ በየቀኑ የምቀባው የፀሐይ መከላከያ ይበቃኛል።

ሕክምናው የማይሆናቸው ሰዎች እንዳሉ በግልጽ መነገር አለበት። ቆዳው ብዙ የተረፈ፣ የአንገቱ ጡንቻ እንደ ገመድ የወጣ ወይም ከአገጩ ሥር ብዙ ስብ ያለው ሰው ለውጥ ሳያይ ገንዘቡን ያወጣል። በቅርቡ ለስኳርና ለክብደት መቀነሻ እንደ ኦዘምፒክ ያሉ መርፌዎችን ወስደው ፊታቸው የከሳ ብዙ እህቶች መንጋጋቸው ረገበ ብለው ይጨነቃሉ። እነሱ ያጡት በአብዛኛው ስብ ነው፤ አልትራሳውንድ ደግሞ የጠፋ ስብ አይመልስም። በጣም በከሳ ፊት ላይ ጥልቅ ሙቀት የቀረውን ስብ እንዳይቀንስ ሐኪሞች ይጠነቀቃሉ። ነፍሰ ጡሮችና በቦታው ላይ ክፍት ቁስል ወይም የሚያመረቅዝ ብጉር ያለባቸውም መቆየት አለባቸው።

ሕመሙን የሚፈሩ አንባቢዎች ሌላ አማራጭም እንዳለ ቢያውቁ ጥሩ ነው። በእስራኤል የተሠራውና እዚያ ያሉ ወገኖቻችንም ሳይሰሙት የማይቀሩት ሶፍዌቭ በ1.5 ሚሊ ሜትር ጥልቀት፣ ማለትም ቆዳው ውስጥ ብቻ፣ የሚሠራ ሲሆን ላይኛውን ቆዳ እያቀዘቀዘ ይሄዳል። ስማስ ድረስ አይወርድም፤ ስለዚህ የቆዳውን ስስነትና ጥቃቅን መስመሮችን ለማሻሻል የሚመረጥ ይመስለኛል እንጂ ለእኔ ዓይነቱ ከረጢት አልመርጠውም ነበር።

ታላቅ እህቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ በሚቀጥለው ሐምሌ ትመጣለች። ፎቶዎቼን አይታ «እኔንም እዚያው ውሰጅኝ» አለችኝ፤ ዕድሜዋ 64 ነው። የጎን ፎቶዋን በቴሌግራም አስልኬ በስድስተኛ ወር ቀጠሮዬ ለሐኪሟ አሳየኋቸው። ለረጅም ጊዜ ተመለከቱትና ለእሷ ከቀዶ ሕክምና በታች የሆነ ምንም ነገር እንደማይጠቅማት ነገሩኝ፤ የምክር ቀጠሮም አልያዙላትም። እህቴ ቀዶውን አትፈልግም፣ እኔም አልገፋፋኋትም። የራሴን ሁለተኛ ዙር በሚቀጥለው ዓመት መጋቢት አስይዤአለሁ፤ ቀጠሮውን ስይዝ ያሳሰብኩት ሠራተኛዋ በማስታወሻው ላይ የሐኪሟን ስም እንድትጽፍና በዕለቱ ሌላ ሰው ቢተካቸው እንድትደውልልኝ ነው።